መኪና ለመቆም ስንት እርምጃ ይፈልጋል? ፊዚክስን መሪ ላይ ለመጠቀም

መንዳት ስንማር ብዙው ትምህርት ስለ መሄድ ነው። ፍሪሲዮን ልቀቅ፣ ነዳጅ ስጥ፣ ማርሽ ቀይር። ስለ መቆም የሚነገረን ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ ፍሬን ያዝ። እኔም መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ ለዓመታት የነዳሁት በዚያችው ሁለት ቃል ነው።

ነገሩ ግን ፍሬን መኪናን አያቆምም። ፍሬን የሚያቆመው ጎማውን ነው። መኪናውን የሚያቆመው በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃውም ሥራውን ለመጨረስ ቦታ ይፈልጋል። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር የሚገታው ኃይል እስኪያገኝ ድረስ በያዘው ፍጥነትና በያዘው አቅጣጫ ይቀጥላል። ሕጉ ለመኪናው ይሠራል። ለሹፌሩም ይሠራል። ኋላ ወንበር ላይ ለተጣለችው ጃንጥላም ይሠራል።

ስለዚህ የምናወራው ስለ ቦታ ነው። ለመቆም የሚያስፈልገውን ቦታ ቀድመን መንገዱ ላይ ካላስቀመጥን ከመኪናው ብረት ይወሰዳል። ብረቱ ካልበቃ ከደረታችን ይወሰዳል። ነጥቦቹን የደረደርኳቸው ከሩቁ ወደ ቅርቡ ነው። ከመቶ ሜትር ጀምረን ጣት በምታህል ክፍተት እንጨርሳለን። ካልኩሌተር አያስፈልግም። ለሁለተኛው ነጥብ ግን ለእግር ጉዞ የሚመች ጫማ አድርጉ።

1. ፍጥነታችሁን ወደ ሜትር ቀይሩ

የፍጥነት መለኪያው የሚነግረን በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምንሄድ ነው። አደጋ ግን ሰዓት አይፈጅም። የሚፈጀው ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ሜትር በሰከንድ እንቀይረው። ትክክለኛው ስሌት ለ3.6 ማካፈል ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 10 ሜትር ነው። 72 ሲሆን 20 ሜትር፣ 108 ሲሆን 30 ሜትር ይመጣል።

መሪ ይዞ ለ3.6 የሚያካፍል ሰው የለም። እኔ የምጠቀምበት አቋራጭ ይኸውላችሁ፦ የመጨረሻዋን ዜሮ ጣሉና የቀረውን በ3 አባዙት። 60 ላይ ከሆናችሁ 6 ጊዜ 3፣ 18 ሜትር። እውነተኛው 16.7 ነው። ትንሽ ያበዛል፤ ግን የሚሳሳተው ወደ ጥንቃቄው በኩል ስለሆነ አልከፋኝም።

አሁን ስልክን "ለአፍታ" ማየት በዚህ ስፈሩት። በ72 እየነዱ ሁለት ሰከንድ ስክሪን ማየት፣ ዓይንን ጨፍኖ 40 ሜትር መሄድ ነው።

2. የመቆሚያ ርቀታችሁን በእግራችሁ ለኩት

ይህን ነጥብ አትዝለሉት። ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው እሱ ነው።

የመቆሚያ ርቀት ሁለት ቁራጭ አለው። የመጀመሪያው አደጋውን አይታችሁ፣ ነገሩ ገብቷችሁ፣ እግራችሁ ፍሬኑን እስኪረግጥ የምትሄዱት ነው። በዚህ ጊዜ መኪናው ምንም አልቀነሰም። ንቁ ለሆነ ሹፌር አንድ ሰከንድ ተኩል እንያዝለት። የደከመው ወይም የጠጣ ሰው ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ሁለተኛው ቁራጭ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ነው። መንገዱ ደረቅ አስፋልት፣ ጎማው ጤነኛ፣ ፍሬኑም እስከ መጨረሻው የተረገጠ ከሆነ ስሌቱ በግምት እንዲህ ይወጣል፦

በ36 ኪሎ ሜትር፦ 15 ሜትር ሳይያዝ፣ 7 ሜትር ተይዞ፣ በድምሩ 22 ሜትር።
በ72 ኪሎ ሜትር፦ 30 ሜትር ሳይያዝ፣ 29 ሜትር ተይዞ፣ በድምሩ 59 ሜትር።
በ108 ኪሎ ሜትር፦ 45 ሜትር ሳይያዝ፣ 66 ሜትር ተይዞ፣ በድምሩ 111 ሜትር።

ሁለተኛውን ቁራጭ ልብ በሉልኝ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ከ7 ሜትር ወደ 29 ዘለለ፤ አራት እጥፍ። ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ። ለምን? በእጥፍ ፍጥነት ስትሄዱ ለመቆም የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። በዚያ እጥፍ ጊዜ ውስጥ ደግሞ በአማካይ የምትሄዱበት ፍጥነት እጥፍ ነው። ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት። ትምህርት ቤት የእንቅስቃሴ ጉልበት ሲሰላ ፍጥነቱ በራሱ የሚባዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥር ግን ወረቀት ላይ አያስደነግጥም። መኪና የማይገባበት ሜዳ ወይም ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጉ። የአዋቂ ሰው እርምጃ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መነሻው ላይ ድንጋይ አስቀምጡና 29 እርምጃ ተራመዱ። የ36 መቆሚያችሁ ያ ነው። ቀጥሉና 79 ላይ ቁሙ፤ የ72። ከዚያ እስከ 148 ቁጠሩ፤ የ108። አሁን ዞር ብላችሁ ድንጋዩን ፈልጉት። እኔ ስሞክረው ድንጋዩ አልታየኝም። ሰው ቢሆን ኖሮስ?

ሌላም ስሌት አለ። "10 ኪሎ ሜትር ብትጨመር ምን አለበት" ለሚል ሰው የምነግረው ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ አንዱ በ50፣ ሌላው በ60። ልጅ ሮጦ መንገድ ገባ። ሁለቱም ሹፌሮች እኩል አዩት፣ እኩል ደነገጡ፣ እኩል ፍሬን ያዙ። በ50 የሚሄደው ልጁ ጋ ሊደርስ ሲል፣ 35 ሜትር ላይ ቆመ። በ60 የሚሄደው እዚያው ነጥብ ላይ ሲደርስ ገና በ43 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ ነው። የፍጥነት ልዩነቱ 10 ነበር፤ ልጁ ጋ ሲደርስ ግን በዜሮና በ43 መካከል ያለ ልዩነት ሆነ። ፍሬን አብዛኛውን ፍጥነት የሚበላው መጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ስለሆነ ነው።

አስፋልቱ ሲረጥብ ሰበቃው ይቀንሳል። ከላይ 59 ሜትር ያልነው 80 ያልፋል። 111 ያልነው ደግሞ 160 ይደርሳል።

"የኔ መኪና ከባድ ስለሆነ መሬት ይቆነጥጣል" የሚል ሰው አይጠፋም። ክብደቱ ጎማውን አጥብቆ ወደ መሬት መግፋቱ እውነት ነው። ግን ያው ክብደት ለማቆም ያን ያህል አስቸጋሪ ነው። በስሌቱ ሁለቱ ይጣፋሉ። እንዲያውም የተጫነ ትልቅ የጭነት መኪና ከትንሽ መኪና የበለጠ ርቀት ይፈልጋል። ጎማው ለጭነት እንጂ ለመቆንጠጥ የተሠራ አይደለም፣ የአየር ፍሬኑም ከተረገጠ በኋላ እስኪይዝ ትንሽ ይዘገያል። ትልቅ መኪና ፊት ዘው ብላችሁ ስትገቡ የቀማችሁት ይህን ቦታ ነው።

3. ከፊት ካለው መኪና ያላችሁን ርቀት በሰከንድ ቁጠሩ

ርቀትን በዓይን በሜትር መገመት ለማንም ይከብዳል። ሰከንድ ግን ሁሉም ሰው ይቆጥራል። ከፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ወይም የመንገድ ምልክት ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ፦ አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት። ሳትጨርሱ እናንተም ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። ሁለት ሰከንድ ዝቅተኛው ነው። መንገዱ እርጥብ ከሆነ አራት አድርጉት። እኔ በደረቁም ሦስት እይዛለሁ። ከሁለቱ ሰከንድ አንድ ተኩሉን ድንጋጤ እንደሚበላው አንዴ ካሰላሁ ወዲህ ሁለት አላስተማመነኝም።

ያስቀመጣችሁት ክፍተት ውስጥ ሌላ መኪና ይገባል፣ የታወቀ ነው። ነዳጁን ለቀቅ አድርጋችሁ ክፍተቱን እንደገና ክፈቱ። የምትከስሩት ሁለት ሰከንድ ነው።

4. አራቱን መዳፎች ፈትሹ

አንድ ጎማ መሬት የሚነካው መዳፍ በሚያህል ቦታ ነው። አንድ ቶን ተኩል ብረት፣ ቤተሰቡም ሻንጣውም፣ መንገዱን የያዘው በአራት መዳፍ ነው ማለት ነው። ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ሞተሩም ትእዛዛቸውን የሚያስተላልፉት በእነዚህ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ውድ መኪና ላይ ሊሾ ጎማ አስሮ መንዳት ለእኔ በነጠላ ጫማ ተራራ መውጣት ነው።

የጎማውን አየር ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ጠዋት ከመንቀሳቀስ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። ትክክለኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር ማቀፊያ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው፤ እሱን አትከተሉ። አየሩ ሲያንስ ጎማው በጠርዙ ብቻ ይሸከማል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል። ሲበዛ ደግሞ መሀሉ ያብጥና መዳፉ ይጠባል።

ጥርሱን እዩ። በብዙ አገሮች ሕጋዊው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። በጎማው ቦዮች ውስጥ ከፍ ከፍ ያሉ ትንንሽ ድልድዮች አሉ። ጥርሱ ተበልቶ ከእነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አብቅቶለታል። ጥርስ በደረቅ መንገድ ብዙም አይታወቅም። ሥራው ውሃ ማስወጣት ነው። ቦዩ ሲያልቅ ውሃው መውጫ ያጣና ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ያኔ መሪው በድንገት ቅልል ይላል። እንዲህ ሲሆን ፍሬን አትያዙ፣ መሪውንም አትጠምዝዙ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ነዳጁን ብቻ ልቀቁ። ፍጥነቱ ሲወርድ ጎማው መሬት ያገኛል።

ፍሬን ሲያዝ ጎማው እየተሽከረከረ መንገዱን ከያዘ ሰበቃው ይበረታል። ጎማው ተቆልፎ መንሸራተት ሲጀምር ግን ሰበቃው ይቀንሳል፤ የባሰው ደግሞ መሪው መታዘዝ ያቆማል። ኤቢኤስ የሚባለው ይህ እንዳይሆን የሚጠብቅ ነው። ቦሽ የሠራው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1978 በመርሴዲስ ቤንዝ መኪና ላይ ገበያ ላይ ዋለ። መኪናችሁ ካለው፣ አደጋ ሲመጣ ፍሬኑን በሙሉ ጉልበት ረግጣችሁ ያዙት። ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል። ብዙ ሰው የተበላሸ መስሎት እግሩን ያነሳል። አታንሱ። እንደረገጣችሁ በመሪ ሽሹ። ኤቢኤስ ከሌለው ጎማው መንሸራተት ሲጀምር ትንሽ ለቀቅ አድርጋችሁ መልሳችሁ ያዙት።

5. ፍጥነቱን ከኩርባው በፊት ጨርሱ

ኩርባ ላይ "ወደ ውጭ የሚወረውር ኃይል" አለ እንላለን። የሚወረውር የለም። መኪናው ይታጠፋል፣ ሰውነታችን ደግሞ ኒውተን እንዳለው ቀጥ ብሎ መሄዱን ይቀጥላል፤ በሩ መጥቶ ነው ትከሻችንን የሚገፋው። መኪናውን ወደ ውስጥ የሚስበው ደግሞ የጎማው ሰበቃ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ኃይል እዚህም በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው።

ለምሳሌ ሬዲየሱ 50 ሜትር የሆነ ጠምዛዛ ኩርባ እንውሰድ። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማው የሚያቆየው እስከ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲረጥብ ወደ 50 ይወርዳል። ትናንት በ60 በደህና ያለፋችሁት ኩርባ ዛሬ ዝናብ ስለዘነበ ብቻ ከመንገድ ያወጣችኋል።

መዳፉ ያለው አቅም አንድ ነው፤ ለመታጠፍና ለፍሬን ይከፋፈላል። ኩርባው መሀል ላይ ደንግጣችሁ ፍሬን ስትረግጡ ለመታጠፍ የተመደበውን ትወስዱበታላችሁ። ስለዚህ ገና ቀጥታው ላይ እያላችሁ ቀንሱ፣ ማርሽ ቀይሩ፣ ከዚያ ግቡ። ሲወጡ ነዳጅ መስጠት ይቻላል።

ቁመተ ረጅም መኪና የሚነዱ ሌላም ጣጣ አለባቸው። የክብደቱ መሀል ከፍ ሲል መኪናው ሳይንሸራተት ቀድሞ ሊገለበጥ ይችላል። ጣሪያ ላይ የተቆለለ ጭነት የሚያደርገው ይህን ነው። ከባዱን ታች፣ ቀላሉን ላይ ጫኑ። ግማሽ የሆነ የፈሳሽ ጭነት ደግሞ ከሙሉው የባሰ ነው፤ ኩርባው ላይ ፈሳሹ ወደ ጎን ይሄድና መኪናውንም ያስከትለዋል።

6. ቁልቁለቱን በማርሽ ውረዱ

10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚያስረክበው ጉልበት 29 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ እስከ መፍላት ያደርሳል። ሹፌሩ በፍሬን ብቻ ከወረደ ያ ሁሉ ሙቀት የሚገባው ፍሬኑ ውስጥ ነው። የፍሬን ሸራ ሲግል የመያዝ አቅሙን ያጣል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። "ፍሬን እምቢ አለ" ከሚባለው ብዙው ከታሪኩ መጀመሪያ ላይ ረጅም ቁልቁለትና ከፍተኛ ማርሽ አለበት።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ። ከጀመረ በኋላ፣ በተለይ በትልቅ መኪና፣ መቀነስ ላይሳካ ይችላል። ሞተሩ ይጩህ፣ ችግር የለውም፤ እየያዘላችሁ ነው። ፍሬኑን በየመሀሉ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁት እንዲቀዘቅዝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ የሚባለውን እርሱት፤ መኪናውን የሚይዝላችሁን ሞተር በገዛ እጃችሁ ማሰናበት ነው። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና ጠብቁ። የጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አትድፉ፣ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

7. ከመቅደማችሁ በፊት ልዩነቱን አስሉ

60 የሚሄድ የጭነት መኪና አለ፣ እናንተ በ80 ልትቀድሙት ነው። ከኋላው ካለው ክፍተት እስከ ፊቱ በደህና እስክትገቡ 50 ሜትር ያህል ልታገኙበት ይገባል። ልዩነታችሁ 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰከንድ 5.6 ሜትር። ስለዚህ 9 ሰከንድ ትፈጃላችሁ፣ በዚያ ጊዜ 200 ሜትር ትሄዳላችሁ። ከፊት የሚመጣውም በ80 ከሆነ እሱም 200 ሜትር ይመጣል። ባዶ 400 ሜትር ካልታያችሁ አትውጡ።

የጭነት መኪናው 70 ቢሄድስ? ልዩነቱ ግማሽ ሆነ፣ ጊዜው እጥፍ። 800 ሜትር ማየት አለባችሁ። ፈጠን የሚል መኪና ለመቅደም "ትንሽ ነው የቀረኝ" የሚባልበት ቦታ ይኸው ነው።

ፊት ለፊት ግጭትን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። እኩል የሆኑ ሁለት መኪኖች በ80 በ80 ቢጋጩ ለእያንዳንዳቸው ግንብን በ80 እንደ መምታት ነው እንጂ በ160 አይደለም። ሁለቱም የሚያጡት የየራሳቸውን 80 ነው። ትንሽ መኪናና ትልቅ መኪና ሲሆኑ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ቶን ያለው ከ10 ቶኑ ጋር በ80 በ80 ተጋጭተው ቢጣበቁ፣ ትልቁ ወደ 65 ብቻ ይወርዳል። ትንሹ ደግሞ 80 ወደ ፊት ይሄድ የነበረው በቅጽበት 65 ወደ ኋላ ይሄዳል። የፍጥነት ለውጡ 145 ነው።

ማታ ላይ አጭሩ መብራት ጥርት አድርጎ የሚያሳየው 50 ሜትር ገደማ ነው። በ60 ለመቆም 45 ሜትር፣ በ80 ደግሞ 69 ሜትር ያስፈልጋል። በአጭር መብራት 80 መሄድ ከምታዩት አልፎ መሄድ ነው።

8. ሰውነታችሁን ከመኪናው ጋር እሰሩ

እስካሁን ቦታው በሜትር ነበር። አሁን መኪናው ተጋጭቷል እንበልና ወደ ሴንቲ ሜትር እንውረድ።

መኪናው በ50 ግንብ መታ። አፍንጫው 60 ሴንቲ ሜትር ተጨማደደና ቆመ። ቀበቶ ያሰረው ሰው ከመኪናው ጋር አብሮ በዚያ 60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቆመ። ሰውነቱ ላይ ያረፈው ኃይል የክብደቱን 16 እጥፍ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከአንድ ቶን በላይ ማለት ነው። ከባድ ነው፣ ያማል፣ ይበልዛል፤ ግን ጎድንና ዳሌ ሊሸከሙት ይችላሉ። ያላሰረው ሰው ደግሞ መኪናው እየቆመ ሳለ እሱ ገና በ50 እየሄደ ነው። መሪውን ወይም ክሩስኮቱን መትቶ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቆማል። ኃይሉ የክብደቱ 200 እጥፍ ገደማ፣ 14 ቶን የሚጠጋ ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት 55 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

የሰው ሰውነት በቀስታ ከቆመ ብዙ እንደሚችል በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳየ ሰው አለ። ጆን ስታፕ ይባላል፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ሮኬት በሚገፋው ሠረገላ ላይ በማሰሪያ ተጠፍሮ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በረረና በ1.4 ሰከንድ ቆመ። በመሀሉ የክብደቱ 46 እጥፍ አረፈበት። ለጊዜው ዓይኑ ማየት ተሳነው፣ ግን ዳነ። ከዚያ በኋላ መኪኖች ቀበቶ እንዲኖራቸው ሲሟገት ኖረ። የዛሬውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የሠራው ደግሞ የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1959። ቮልቮ የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾችም ክፍት አደረገው። በዚያው ዓመት መርሴዲስ የመሐንዲሱን የቤላ ባሬኒን ሐሳብ ተከትሎ መሀሉ ጠንካራ፣ ፊቱና ኋላው ተጨማዳጅ የሆነ መኪና አወጣ። "የድሮ መኪና ብረቱ ብረት ነው፣ የአሁኑ ቆርቆሮ" ለሚሉ ዘመዶቼ ይህን ደጋግሜ አስረድቻለሁ። የማይጨማደድ መኪና ቦታ አይሰጥም። የተጨማደደው ኮፈን ያጣችሁት ንብረት ሳይሆን ያገኛችሁት 60 ሴንቲ ሜትር ነው። (እስካሁን የተቀበለኝ የለም።)

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። የታችኛው ማሰሪያ ከሆድ በታች፣ የዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ። ሆድ ላይ ከሆነ አንጀትና ጉበት ነው የሚይዘው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ከጽንሱ በታች አሳልፉት። የላይኛው በትከሻና በደረት መሀል ይለፍ፤ አንገት ላይ አይሁን፣ በብብት ሥርም አታሳልፉት። ወፍራም ካፖርት አውልቁ፣ የላላውን ሳቡት። ወንበሩን አንጋልሎ መተኛት ቀበቶውን ከንቱ ያደርገዋል፤ ሰውነት ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። የኋላ ተሳፋሪም ይሰር። ያላሰረ የኋላ ተሳፋሪ የሚያርፈው የፊተኛው ጀርባ ላይ ነው።

ኤርባግ ቀበቶን አይተካም። ዓይን ከመርገብገቡ በፊት በኃይል ይነፋል። ስለዚህ ደረታችሁ ከመሪው መሀል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

ልጅ ማቀፍን በሚመለከት ስሌቱ ጨካኝ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያው የ50 ግጭት 160 ኪሎ ይሆናል። ያንን በክንዱ የሚይዝ ወላጅ የለም፣ ፍቅር አይጨመርበትም። አንድ ቀበቶ ለሁለት ማሰር ደግሞ የባሰ ነው፤ የአዋቂው ክብደት ልጁን ከቀበቶው ጋር ይጨፈልቀዋል። የሕፃን ወንበር ተጠቀሙ። ትንንሾቹ ፊታቸው ወደ ኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ጭንቅላታቸው ከሰውነታቸው አንጻር ከባድ፣ አንገታቸው ደካማ ነው፤ እንዲህ ሲቀመጡ ጫናው በሙሉ ጀርባቸው ላይ ይዘረጋል። እንዲህ ያለውን ወንበር ግን የሚሠራ ኤርባግ ፊት ፈጽሞ አታስቀምጡ።

9. ያልታሰረ ዕቃ አትተዉ

በ50 የሚሄድ ነገር ከ10 ሜትር ከፍታ ከወደቀ ነገር እኩል ይመታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ አንድ ሊትር ውሃ የሞላ ጠርሙስ ማጅራታችሁ ላይ የሚለቅ ሰው ካለ ትሸሹታላችሁ። ኋላ መስታወት ሥር የተቀመጠው ጠርሙስ ያው ነው። ከባድ ዕቃ ወደ ዕቃ መጫኛው ይግባ፣ የኋላ ወንበሩን ጀርባ ተደግፎ ታች ይቀመጥ።

ሹፌሩ እግር ሥር ደግሞ ምንም አይኑር። አንድ ቀን ከወንበሬ ሥር የተንከባለለ ጠርሙስ ፍሬን ፔዳሉ ሥር ገብቶብኝ ነበር። ፔዳሉ ግማሽ ወርዶ ቆመ። መንገዱ ባዶ ስለነበር በማርሽና በእጅ ፍሬን ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ በር ኪስ ውስጥ ነው።

10. የራስ መደገፊያውን አስተካክሉ

ስሙ መደገፊያ ስለሆነ ለምቾት የተሠራ ይመስላል። ከኋላ ስትመቱ ወንበሩ ጀርባችሁን ወደ ፊት ይገፋዋል። ጭንቅላታችሁ ግን የሚገፋው የለም፤ ባለበት ሊቀር ይፈልጋል። መሀል ላይ የሚጠመዘዘው አንገት ነው። ፍጥነቱ ትንሽ፣ መኪናው ላይ የታየው ጭረት ብቻ ቢሆንም ሰው ለወራት አንገቱን የሚያመው በዚህ ነው።

ቁጭ በሉና ሌላ ሰው ከጎን ይይላችሁ። የመደገፊያው ጫፍ ከጭንቅላታችሁ አናት እኩል ይሁን፤ ቢያንስ ከጆሮ በላይ ይድረስ። አንገት ላይ የሚያርፍ መደገፊያ ጭንቅላትን ወደ ኋላ የሚሰብር ማጠፊያ ይሆናል። ከዚያ በጭንቅላታችሁና በመደገፊያው መካከል እጁን ያስገባ። አራት ጣት ከገባ ወንበሩን ትንሽ ቀጥ አድርጉት። አንድ ወይም ሁለት ጣት ሲቀር ተዉት። ስትወርዱ የኋላዎቹንም ወደ ላይ ሳቧቸው፤ መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ማንም አልነካቸው ይሆናል።